ጌሾ፣ ብቅልና ቀዝቃዛ ውኃ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የስድስት ቀን የአረቄ ጉዞ

ሰኞ፣ ጥር 14፤ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ተነሥተን ሽቅቡን ጨርሰን የእንጦጦን ትከሻ እንደተሻገርን ብርዱ በመስኮቱ ገባ። ጥምቀት ካለፈ ገና ሦስት ቀኑ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደው ሣር ተከምሯል፤ ሜዳው ቢጫ ሆኗል፤ ሰማዩ ላይ አንድ ቁራጭ ደመና የለም። መኪናው የጓደኛዬ ነው። መርካቶ ውስጥ ቅመም ይነግዳል፤ መጠጥ የሚባል ነገር በአፉ አይዞርም። አብሮኝ እንዲመጣ የለመንኩት ግን ለመኪናው ብቻ ብዬ አይደለም። ዓይኑን ጨፍኖ የዘንድሮን ኮረሪማ ከአምናው የሚለይ አፍንጫ አለው። ስለዚህ ተስማማን፤ እኔ እቀምሳለሁ፣ እሱ ያሸታል።

እኔ 22 ዓመት በሆቴል ባር ሠርቻለሁ። እንግዳ ውስኪ ሲያዝ መጀመሪያ ማሽተት እንዳለበት፣ ጥቂት ጠብታ ውኃ ሲጨመርበት መዓዛው እንዴት እንደሚከፈት ሳስረዳ ኖሬያለሁ። ስለ አረቄ ሲጠይቁኝ ግን «ጠንካራ የባህል መጠጥ ነው» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ እሻገር ነበር። ይህ ነገር ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ቆይቶ ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና በከተማዋ ዙሪያ አረቄ ከሚያወጡ ሰዎች ቤት ለመዋል ተነሣሁ። ዓይን ተጨፍኖ በአንድ ትንፋሽ የሚጨለጠውን መጠጥ ለውስኪ የምሰጠውን ጊዜና ክብር ሰጥቼ ልቀምሰው ፈለግኩ።

የመጀመሪያው ቤት ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የ20 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። በባሕር ዛፍ አጠና የታጠረ ግቢ፣ ጥግ ላይ የጭቃ ማድቤት፣ ማድቤቱ ደጃፍ ላይ የታሰረች አህያ። የቤቱ ባለቤት ስልሳውን ያለፉ እናት ናቸው፤ እማማ እያልን ነው የዋልነው። ከጎረቤት ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ እጃቸው ግን ሥራውን ለአፍታም አይተውም።

ስንደርስ ድፍድፉን እያዋሐዱ ነበር። የተቀጠቀጠ ጌሾና የተፈጨ ብቅል በውኃ ጠንስሰው ከአስቀመጡ አራት ቀን ሆኖታል። ዛሬ ደግሞ የታመሰ የገብስና የበቆሎ ዱቄት አቡክተው የጋገሩትን ወፍራም ቂጣ እየቆራረሱ ወደ ጋኑ ይጨምራሉ። ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ጋኑ ውስጥ ገብቷል። ቂጣው ዳር ዳሩ ጠቁሯል፤ መሐሉ ገና ትኩስ ነው። አንዱን ቁራሽ በጣታቸው መሐል ጨፍልቀው አሳዩኝ፤ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ከቀረ ድፍድፉ እንደሚኮመጥጥ፣ ከመጠን በላይ ካረረ ደግሞ አረቄው እንደሚመርር ነገሩኝ። ጓደኛዬ ወደ ጋኑ አፍ ጎንበስ ብሎ ቆየና «የእርሾ፣ የደረቀ ሣር፣ ከሥር ደግሞ የወይራ ጭስ» አለ። እማማ ቀና ብለው አዩት። ጋኑን ከትናንት በስቲያ በወይራ አጥነውት ነበርና።

እዚያው ቆሜ የተሰማኝ ነገር መገረም ብቻ አልነበረም። ገብስ ውኃ ጠጥቶ ሲያቆጠቁጥ በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች ያፈራል፤ ብቅል ማለት ይኸው ነው። ስኳሩን እርሾ ይበላውና አልኮል ያደርገዋል። በስኮትላንድ ሲንግል ሞልት የሚባለው ውስኪ መነሻው ይኸው የበቀለ ገብስ ነው። ስንት ዓመት ስለዚያ ብቅል ሳወራ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ብቅል የዚያ ታናሽ ወንድም መሆኑን ለአንድ እንግዳ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

«መቼ ነው የሚወጣው?» አልኳቸው።

«ቅዳሜ ኑ። ብርዱ ስለበረታ አምስት ቀን ይፈልጋል። ቅዳሜ ስትመጡ ደግሞ እሳቱን አትዩ፤ ሰው ሁሉ መጥቶ እሳቱን ነው የሚያየው። አረቄ የሚያወጣው እሳት አይደለም፣ ውኃ ነው።»

ትርጉሙን ያን ጊዜ አልያዝኩትም፤ ማስታወሻዬ ላይ ግን ጻፍኩት።

ከዚያ ያለፈውን ወር አረቄያቸውን አወጡ። መለኪያውን አጥበው፣ ጥቂት በመዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ሰጡኝ። ይዤው የሄድኩት ተንሳፋፊ የአልኮል መለኪያ መሣሪያ 36 በመቶ አሳየኝ። አሸተትኩት፤ ከዚያ በማንኪያ ጫፍ ጥቂት ውኃ ጠብ አደረግኩበት። እማማ ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው ልጄ፣ ከበደህ?»

«አይደለም እማማ፤ መዓዛው እንዲወጣ ብዬ ነው። እስቲ እርስዎም ያሽትቱት።»

በጥርጣሬ ተቀበሉኝ። አንዴ አሸተቱ፤ መልሰው አሸተቱ። «ቆሎ ቆሎ ይላል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከምላስ ላይ የገብስ ቆሎ፣ ቀጥሎ የዳቦ ቅርፊት፣ መጨረሻ ላይ ከጉሮሮ የማይለቅ ቀጭን የጌሾ ምሬት። ያቃጥላል፤ ግን ቃጠሎው እህሉን አይሸፍነውም።

ማክሰኞ፣ ጥር 15፤ ሰንዳፋ

በለገጣፎ በኩል ወጥተን የለገዳዲን የውኃ ግድብ አልፈን በደብረ ብርሃን መንገድ ሰንዳፋ ገባን። ስንዴው ታጭዶ አልቆ ውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ። ጥር የሰርግ ወር ነውና የዛሬዋ ባለሙያ ሥራ በዝቶባታል፤ ለሁለት ሰርግ ታዝዛለች። የሠላሳ አምስት ዓመት ግድም ሴት ናት። እኔ እትዬ ስላት እሷ ጋሼ ትለኛለች።

እሷ የምታወጣው ዳግም ነው። ዳግም ስሙ እንደሚናገረው አንድ ጊዜ የወጣው አረቄ ተመልሶ በእሳት ላይ የሚጣድ ነው። ተራ አረቄ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 በመቶ መካከል ይገኛል፤ ዳግም ከ45 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። የእሷ በእኔ መሣሪያ 47 ሆነ። ስኮትላንዶችም ብቅል ውስኪያቸውን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የሚያወጡት፤ አየርላንዶች ሦስት ጊዜ ማውጣት ይወዳሉ። የሰንዳፋዋ እትዬ ስለ ስኮትላንድ ሰምታ አታውቅም፤ ዳግምን የተማረችው ከአክስቷ ነው።

እዚህ ቤት ያየሁት ትልቁ ነገር ቱቦው ነው። ብዙ ቤት ቱቦው ሸምበቆ ወይም ብረት ነው። እሷ ጋ ግን ከማቀዝቀዣ ጠጋኝ የተገዛ የመዳብ ቱቦ ነው፤ በየጊዜው በሎሚና በአመድ ስለምታሸው እንደ ጌጥ ያበራል። «ለምን መዳብ?» ብላት «ሽታውን ይወስደዋል» አለች። በሳይንሱም እንዲሁ ነው። ከእርሾ ሥራ የሚወጡና የበሰበሰ እንቁላል ወይም የተቃጠለ ክብሪት የሚሸቱ የድኝ ውህዶች አሉ፤ መዳብ እነሱን ይዞ ያስቀራል። የዓለም ታላላቅ ውስኪ አውጪዎች ጋናቸውን ከመዳብ የሚሠሩበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። ከጎረቤቷ በብረት ቱቦ የወጣ አረቄ አስመጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠችልን። ጓደኛዬ ሁለቱንም አሽትቶ ብረቱን ከአፍንጫው አራቀ። እኔም ቀምሼ አረጋገጥኩ፤ አንዱ ጥርት ያለ፣ ሌላው ድኝ ድኝ የሚል።

ጥንካሬውን የምትፈትነው በሁለት መንገድ ነው። ጠርሙሱን ነቅንቃ አረፋውን ታያለች፤ አረፋው ትልልቅ ሆኖ ቶሎ ከጠፋ ጠንካራ ነው። ጥቂት እሳት ላይ ትረጭና ሰማያዊ ነበልባል ትጠብቃለች። ይህን ሳይ አንድ ነገር ለመናገር ተገደድኩ፤ እዚህም እደግመዋለሁ። ነበልባሉ የሚናገረው ስለ ጥንካሬ እንጂ ስለ ንጽሕና አይደለም። ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል ከእህል በሚወጣ አረቄ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ሰው ዓይን የሚያጠፋውና የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ሆን ተብሎ የፋብሪካ ሜታኖል ሲቀላቀልበት ነው። እሱ ደግሞ እንደ ደህናው አልኮል ይነድዳል፤ በመዓዛም በጣዕምም አይለይም። ስለዚህ የምትጠጣውን አረቄ ማን እንዳወጣው እወቅ። እትዬ ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔ የማወጣውን ልጆቼን የምታዋልደው ሴትዮ ትጠጣዋለች» አለች። ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አልፈለግኩም።

ረቡዕ፣ ጥር 16፤ ከቡራዩ ወዲያ

የገፈርሳን ውኃ አልፈን በሆለታ መንገድ ጥቂት ከሄድን በኋላ ጡረታ የወጡ አንድ መካኒክ ቤት ገባን። ጋሼ አረቄ አያወጡም፤ ያስረጃሉ። ከምስራቅ ሸዋም ከሰሜን ሸዋም ጥሩ ዳግም ይገዙና በትልልቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ በእሳት ገርፈው ያቃጠሉትን የወይራ ስንጥር ጨምረው ያስቀምጡታል። መጀመሪያ ከዋንዛ በርሜል አሠርተው ነበር፤ በርሜሉ አፈሰሰባቸውና ወደ መስታወት ዞሩ።

ጠርሙሶቹ አልጋ ሥር ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ አንገቱ ላይ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት አለው። የሦስት ወሩ ፈዛዛ ሻይ ይመስላል። የ14 ወሩ የጠቆረ ማር መስሏል። በስኮትላንድ ሕግ ውስኪ ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መቀመጥና ሲታሸግ ከ40 በመቶ አለማነስ አለበት፤ በርሜሉ እየተነፈሰ በየዓመቱ ከመጠጡ 2 በመቶ ገደማ ይተንናል፤ እዚያ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። መስታወት አይተነፍስም። ስለዚህ የጋሼ መጠጥ የእንጨቱን ቀለምና መዓዛ ያገኛል እንጂ አየር ቀስ ብሎ የሚሰጠውን ለስላሳነት አያገኝም።

ይህን ነገርኳቸው፤ አልተከፉም። እንዲያውም ደብተር አውጥተው ጻፉት። የ14 ወሩ በእኔ አፍ እንጨት ብቻ ሆኗል፤ ወይራው ጠንካራ ስለሆነ እህሉን ውጦታል። የሦስት ወሩ ግን! ዳግሙ ገና አለ፤ ከላዩ ደግሞ እንደታጠነ የወተት ዕቃ ያለ ጭስ ያርፍበታል። በስኮትላንድ ደሴቶች ብቅሉን ፒት በሚባል፣ ከረግረግ በሚቆፈር የበሰበሰ ዕፅዋት አፈር ጭስ ያደርቁታል፤ ጭሱ መጠጡ ውስጥ ይቀራል። እኛ ጭሱን በወይራ ስንሠራ የኖርን ሕዝብ ነን፤ ጋኑን፣ ግሬራውን፣ ቤቱን። ጋሼ ይህንን አውቀው ይሁን በደመ ነፍስ፣ ትክክለኛውን እንጨት ነው ያነሡት። ሁለት ጠርሙስ ለቅዳሜ ሰጡኝ፤ ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

ሐሙስ፣ ጥር 17፤ ሰበታ

ዛሬ ሮም ስለሚባለው መጠጥ የማስብበት ቀን ነው። ሮም ከሸንኮራ አገዳ ነው የሚወጣው፤ አብዛኛው ስኳር ተመርቶ ከሚቀረው ጥቁር ሞላሰስ፣ ጥቂቱ ደግሞ በቀጥታ ከአገዳው ጭማቂ። ሀገራችን ዘመናዊ ስኳር ማምረት የጀመረችው በወንጂ ነው፤ ፋብሪካው በሆላንድ ኩባንያ ተተክሎ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሞላሰሱም ወደ አልኮል ፋብሪካዎች ይጓዛል። ሰበታ ላይ የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ቅርንጫፍ አለ። በልጅነቴ የሰበታ ዘመዶቼ ጋ ስንሄድ አንድ ከባድ ጣፋጭ ሽታ ከአየሩ ይመጣ ነበር፤ አሁን ሳስበው የሞላሰስ ሽታ ነው። ኡዞውም ጂኑም ከዚህ ንጹሕ አልኮል ነው የሚሠራው። ሞላሰስ አለን፤ አገዳ አለን፤ እንጨትም አለን። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እስከ 1970 እ.ኤ.አ. ድረስ ለመርከበኞቹ በየቀኑ ያድለው የነበረው መጠጥ ከዚሁ ጥቁር ዝቃጭ የተገኘ ነው። አንድ ሰው በርሜል ገዝቶ፣ ሞላሰሱን በዝግታ አውጥቶ፣ አምስት ዓመት ታግሦ የወንጂን ሮም ቢያቀርብልን የመጀመሪያው ወረፋ ላይ እኔ እቆማለሁ።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ አረቄ ቤት ገባን። ባለቤቷ በግልጽ የምትናገር ሴት ናት። «እህሉ ሲወደድ ድፍድፉ ላይ ስኳር እጨምራለሁ» አለችን፤ «ሌሎችም ይጨምራሉ፤ ግን አይናገሩም።» ቀመስኩት። ቀጭን ነው፤ ከንፈር ላይ ቶሎ ይገባል፤ ቶሎ ይጠፋል። እህሉ ከሩቅ ይጣራል። የስኳሩ አልኮል ከአገዳ የመጣ ነውና እንግዲህ ይህ ግማሽ አረቄ፣ ግማሽ ሮም ነው ማለት ይቻላል። መጥፎ አልነበረም። ሁለት ጠርሙስ ለየብቻ ብታደርገውና የእህሉን በእህል፣ የስኳሩን በስኳር ዋጋ ብትሸጠው ይሻላል አልኳት። «የሚገዛኝ ሰው ልዩነቱን ይቀምሳል?» አለችኝ። ጓደኛዬ ሁለቱን መለኪያ አሽትቶ የእህሉን ከስኳሩ ለየላት። ለደንበኞቿ እንደዚሁ እያስቀመሰች ልትሞክረው ነው።

ዓርብ፣ ጥር 18፤ ወደ ዱከም

ስለዚህ ቀን ብዙ አልጽፍም። በአቃቂ ቃሊቲ ወርደን ወደ ዱከም ሄድን። ከሱሉልታ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለ አገር ነው፤ ፀሐዩ ይከብዳል። የገባንበት ቤት የሚያወጣው ወጣት ቸኩሎ ነበር፤ አምስት ጀሪካን ለማታ ይፈለግበታል። እሳቱ በርሜሉን እስከ ግማሹ አቅፎታል። አረቄው የሚወርድበት ማሰሮ የተቀመጠበት ገንዳ ውኃ እጄን ስነክረው ትኩስ ሻይ ሆኖ አገኘሁት። ከመጋጠሚያው ላይ እንፋሎት ያፏጫል፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፤ የሚሸተው ሁሉ አልኮል ነው። ድፍድፉም ከታች ይዟል፤ አርሯል።

የቀመስኩት ያረረ ቂጣ፣ ከሥሩ ደግሞ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ነበረው። ሁለተኛ አልደገምኩም። ልጁን አልወቀስኩትም፤ ውኃ በቦቴ ነው የሚገዛው፤ ገንዳውን በለወጠ ቁጥር ከትርፉ ይቀነሳል። መኪና ውስጥ ሆኜ ማስታወሻዬን ስገልጥ የሰኞው ዓረፍተ ነገር ፊቴ መጣ፤ አረቄ የሚያወጣው እሳት አይደለም፣ ውኃ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 19፤ ሱሉልታ እንደገና

ገና ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ሣሩ ላይ አመዳይ አለ። እማማ በርሜሉን ጥደው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ዙሪያውን በሊጥ እየለሰኑ ነበር። ሊጡን በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፣ ጣታቸውን ውኃ ይነክራሉ፣ እንደገና ይጫኑታል፤ አንድ ስንጥቅ ካገኙ ጠባሳ እንደሚያክሙ ያህል ተጠንቅቀው ይደፍኑታል። ከክዳኑ የሸምበቆ ቱቦ ይነሣና ወደ ታች አዘቅዝቆ ወደ አንድ ጠባብ አፍ ማሰሮ ይገባል። ማሰሮው አንገቱ ድረስ በእንጨት ገንዳ ውኃ ውስጥ ተቀምጧል።

እሳቱ ትንሽ ነው። እንዲህ ትንሽ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ሁለት ደረቅ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ጥቂት ኩበት። ንጹሕ አልኮል በባሕር ጠለል በ78 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ውኃ ደግሞ በ100። እዚህ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆንን ውኃው ራሱ በ91 ገደማ ይፈላል፤ አልኮሉም እንዲሁ ቀድሞ ይነሣል። እሳቱ ከበረታ ውኃው፣ ዝቃጩና ምሬቱ አብረው ይመጣሉ። ከዘገየ አልኮሉ በየተራው ይወጣል። እማማ ቴርሞሜትር የላቸውም። እጃቸውን ቱቦው ላይ ያሳርፋሉ፤ ሙቀቱ የት እንደደረሰ በመዳፋቸው ይከታተላሉ። ቱቦው እስከ መካከሉ ሲግል አንዱን ግንድ ወደ ውጭ ሳቡት።

ከዚያ መጠበቅ። ሠላሳ ደቂቃ፣ አርባ። ከማሰሮው ውስጥ መጀመሪያ ጠብ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቆየ፤ እንደገና ጠብ አለ። አረቄ የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ነው፤ ላብ ማለት ነው። ጆሮዬን ወደ ማሰሮው አስጠግቼ ያንን ስሰማ ቃሉን ያወጣው ሰው እንዲህ ባለ ቤት ተቀምጦ አዳምጦ መሆን አለበት አልኩ።

የመጀመሪያዋን አንድ መለኪያ ያህል ቀድተው ለብቻ አስቀመጧት። «ይህ ለጉልበቴ ማሻ ነው፤ አይጠጣም» አሉ። ጓደኛዬ አሸተተና «የትናንቱ ሽታ!» አለ። አዎ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው። ውስኪ አውጪዎች ይህንን ራስ ይሉታል፤ ይለዩትና መሐሉን፣ ልብ የሚሉትን፣ ብቻ ይይዛሉ፤ ጭራው ሲመጣ ያቆማሉ። እማማ ከአያታቸው የወረሱት ይህንኑ ነው። የዱከሙ ወጣት ራሱንም ልቡንም ጭራውንም ባንድ ጀሪካን ይጨምር ነበር።

ውኃው የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው አህያዋን ይዛ ከምንጭ ትመላለሳለች፤ በአንድ ጊዜ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ገንዳው ለብ ማለት እንደጀመረ እማማ እጃቸውን ይነክሩና «ቀይሩ» ይላሉ። የሞቀው ይቀዳል፣ ቀዝቃዛው ይገባል፤ የሚወርደውም ጠብታ ወዲያው ይጠራል፣ ይበረክታል። ልጅቷ ስድስት ጊዜ ተመላለሰች። ቆጠርኩ፤ 18 ጀሪካን፣ 360 ሊትር ውኃ። ከሰዓት ሰባት ላይ እሳቱ ሲጠፋ የወጣው አረቄ 11 ሊትር ነበር። በአረቄ ቤት መለኪያዋ ስትቀዳ ይህን የውኃ ሸክም ማንም አይቆጥረውም። ልጅቷን «ደከመሽ?» ብላት «ጠዋት ስለሆነ ቀላል ነው፤ ከባዱ ከትምህርት ቤት መልስ ሲሆን ነው» አለችኝ። እማማ ሰሙ፤ ምንም አልተናገሩም። ከሚቀጥለው ጊዜ ጀምሮ የሚወጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እንዲሆን ጠየቅኳቸው፤ ከእኔ ሆቴል የሚመጣው ትእዛዝም በዚሁ ልክ እንዲሆን ተስማማን።

ቀመስነው። ገና ትኩስ ነው፤ ገና ይቆጣል፤ በመሣሪያዬ 39። ግን ያ ቆሎ አለ፤ ከቆሎው ጀርባ የጋኑ ወይራ። የቡራዩን ጋሼ የሦስት ወር ጠርሙስ አወጣሁና ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። እማማ ውኃ ጠብ አድርገው (አሁን ራሳቸው ናቸው የሚያደርጉት) ረጅም ጊዜ አሸተቱ።

«ይህንን ማነው የሠራው?»

«ቡራዩ ያሉ ጋሼ ናቸው፤ በወይራ አስቀምጠውት ነው።»

«አረቄው የማን ነው?»

«ከሌላ ሰው የገዙት ነው።»

«እንግዲያው ለሳቸው ከዚህ ውሰድላቸው» አሉና ከመሐሉ፣ ከልቡ፣ ሁለት ሊትር ቀዱልኝ። ጭራውን፣ ያን ደካማውን፣ ለሚቀጥለው ድፍድፍ ወደ ጋኑ መለሱት። አተላው ለከብቶቹ ወጣ።

ስንሰናበት ፀሐይዋ ወደ እንጦጦ ጀርባ እያዘነበለች ነበር። ከገንዳው ተቀድቶ በየባልዲው የተቀመጠው የሞቀ ውኃ አልተደፋም። ነገ እሑድ ነው። ልጅቷና ሁለት ታናናሾቿ ከማድቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር፤ እማማ በጣሳ እየቀዱ የመጨረሻዋን ልጅ ፀጉር ያጥባሉ፤ ሕፃኗ ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች፤ ከራሷ ላይ ነጭ እንፋሎት ይነሣል።